ወደ ግራ የሚጎትት መሪ

አማርኛችን ቆጣቢ ቋንቋ ነው። አንዷን ቃል ሁለትና ሦስት ቦታ ያሠራታል፤ ደመወዝ ግን አይጨምርላትም። እግር የሰውም ነው፣ የጠረጴዛም። ጥርስ የሰውም ነው፣ የመጋዝም። ተሳስቶ የጠረጴዛ እግር ያጠበ ሰው ስላልሰማን ቁጠባው አስቸግሮናል ማለት አይቻልም። በደርግ ጊዜ ፒያሳ የኖራችሁ ግን፣ አንዳንዷ ቃል ከአፍ ከመውጣቷ በፊት ግራና ቀኝ ማየት እንደነበረባት ታስታውሳላችሁ።

ጎረቤቴ ጋሽ ወልዱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከአስመራ የመጡት ቀይ ሞተር ብስክሌት እየነዱ ነው። እሳቸው ሲሸብቱ የሷም ቀለም ለቀቀ። አማርኛቸው አዲስ አበባ ይህን ሁሉ ዘመን ኖሮ እንኳ ትግርኛውን አልረሳም፤ ይህም በዚያ ዘመን በኬላ ሁሉ ትንሽ የሚያስቆም ነገር ነበር። የመጨረሻ ልጃቸው ሳሙኤል የብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር። አባት ግን ልጁ ሲወዳደር አንድ ቀን እንኳ አላየም። በዓል ሲቃረብ ስፌት ይበዛባቸዋል፤ በዓል ከሌለ ደግሞ ስብሰባ አለ።

አንድ እሁድ ከናዝሬት ተነስቶ ደብረ ዘይት የሚያልቅ የጎዳና ውድድር ተዘጋጀ። ጋሽ ወልዱ በኩፖን ያገኙትን ቤንዚን አጠራቅመው፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ በራችንን አንኳኩ።

«የዛሬውን ሳላይ አልቀርም። አንተም ና» አሉኝ።

አክብረውኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። ለካስ ሞተሯ ሳትገፋ አትነሳም።

ገፋሁ፣ ተነሳች፣ ከኋላ ዘልዬ ተቀመጥኩ። የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ ስለተበሳ ድምጿ የታንክ ነው፤ ለመነጋገር መጮህ ግድ ነበር። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ስንደርስ ወደ ወንዙ ጠጋ ማለት ጀመርን። ጋሽ ወልዱ አንገታቸውን ወደ እኔ አዙረው ባላቸው ድምፅ ሁሉ ጮኹ፦

«መሪው ወደ ግራ እየጎተተን ነው! ዝም ካልነው ገደል ይከተናል!»

ከ«መሪው» በኋላ ሞተሯ ቀጥ አለች። የቀረው ዓረፍተ ነገር፣ ለስኳር በተሰለፈው ሕዝብ ፊት፣ በጸጥታ ላይ ወደቀ።

ሰልፈኛው በሙሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። ከቀበሌው ሱቅ በር ላይ ጓድ ደምሴ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። ከአብዮቱ በፊት የቢሊያርድ ቤት ጠባቂ ነበር፤ አሁን የሚጠብቀው እኛን ነው።

«ማነው ገደል የሚከተን?»

«መሪው ነዋ» አሉ ጋሽ ወልዱ፣ በየዋህነት።

«የትኛው መሪ?»

«ያለን አንድ መሪ ነው፣ ልጄ። እሱም ከድሮ ጀምሮ ወደ ግራ ነው።»

ስድስት ኪሎ የተማርኩት ለዚህ ቀን ነው ብዬ ጣልቃ ገባሁ። «ጓድ፣ ብሎኑ ላልቶ ነው!» አልኩ። ሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው ሳቁ አምልጦት ወደ ሳል ለወጠው።

«ቀበሌ ትገባላችሁ» አለ ደምሴ። ያኔ ቀበሌ መግባት ቀላል ነው፤ መውጫው ነው የማይታወቀው። ጋሽ ወልዱ ግን ሰዓታቸውን ነበር የሚያዩት። ልጃቸው ናዝሬትን እየለቀቀ ነበር።

«ካላመንከኝ ራስህ ነድተህ እየው» አሉት።

የደምሴ ዓይን ሞተሯ ላይ ቀረ። ሞተር የመንዳት አምሮት አብዮትም አያጠፋውም። ጠመንጃውን ለባልደረባው ሰጥቶ ወጣባት፤ እኔም እንደ ልማዴ ገፋሁ። ሞተሯ ዘላ ተነሳችና በቀጥታ ወደ ግራ፣ ወደ ስኳሩ ሰልፍ ወሰደችው። ደምሴ ጮኸ፦

«መሪውን ያዙት! ኧረ በእናታችሁ፣ መሪውን ያዙት!»

አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። በዚያ ዘመን «መሪውን ያዙት» ቢባል እጁን የሚዘረጋ ማን አለ? ሰልፉ መንገድ ለቀቀለት፤ ደምሴም ከነሞተሯ ቦይ ውስጥ ገባ።

ተነሳ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ያለውን አስታወሰ። ፊቱ ሲገረጣ አየሁት፤ እሱም እንደኛ የሚፈራ ሰው ኖሯል።

«የሰማ አለ?» አለ በቀስታ።

«ኧረ የለም!» አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ። ይህን የመሰለ አንድነት በስብሰባም አላየሁ።

ለቀቀን። ግን የፊት ጎማው ተጣሞ ነበር። ለምነን፣ አስቀጥቅጠን፣ ገፍተን ደብረ ዘይት ስንደርስ የመድረሻውን ሪባን እየጠቀለሉት ነው። ሳሙኤል ሁለተኛ ወጥቶ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ወደ አባቱ ሮጠ።

«አባዬ፣ አየኸኝ?»

«አየሁህ፣ ወደይ» አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው። እኔ ወደ ሰማይ ማየት ጀመርኩ።

ሌላ ውድድር አልነበረም። ሳሙኤልን ብሔራዊ ውትድርና ወሰደው። ተመልሶ መጥቷል፤ እግሩ ግን ብስክሌት የሚገፋ እግር አልነበረም። ጋሽ ወልዱም ያን ውሸት አላስተካከሉትም፤ እኔም ባስታወስኩት ቁጥር አዝናለሁ።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ሬዲዮው መሪው አገር ጥሎ መሄዱን ተናገረ። ለማብሰር እየሮጥኩ ሄድኩ። ጋሽ ወልዱ በረንዳቸው ላይ ከቆመችው ሞተር አጠገብ ተቀምጠዋል።

«ሄደ እኮ፣ ጋሽ ወልዱ! መሪው ሄደ!»

የሞተሯን አቧራ በእጃቸው ጠረግ አደረጉ።

«አሁን ምን ያደርግልኛል» አሉ። «ያን እሁድ ጠዋት ቀጥ ብሎ ቢሄድልኝ ኖሮ፣ ልጄን አየው ነበር።»

ስለ የትኛው መሪ እንደሚያወሩ አልጠየቅኋቸውም።