አያ ይሻውና የተጨመቀው ጨፌ

አያ ይሻው አፋቸው ክፉ ነው ይባላል። ከጋፋት ማዶ ባለችው መንደር «በፊታቸው በሬህን አታመስግን፣ ያነክሳል፤ ይሆናል ያሉት ሁሉ ይሆናል» እየተባለ እርሳቸውን ሲያይ ስንት ሰው መንገድ ለውጧል። ሐሜት ነው። አያ ይሻው አስቀድመው የተናገሩት አንድም ነገር ሆኖ አያውቅም። እርሳቸው የሚያምርባቸው ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው፤ ያኔ የሚናገሩትም ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ብዬ ነበር።»

እግዜር መንደር ሲፈጥር ለእያንዳንዱ አንድ ምንጭ፣ አንድ ቀበኛ ላምና አንድ «ብዬ ነበር» ባይ ያድላል። የዚህኛው መንደር ግን ማዕርጉ ከፍ ያለ ነው፤ የደብሩ መሪጌታ «ነቢይ ዘድኅረ ነገር» ብለው ሰይመዋቸዋል፤ ነገሩ ካለፈ በኋላ የሚነሡ ነቢይ ማለት ነው። የማሬ በቅሎ ገደል ስትገባ «ትገባለች ብዬ ነበር» አሉ። የባዩ ሚስት መንታ ስትወልድ «ሁለት ናቸው ብዬ ነበር» አሉ። የዘጠና ሰባት ዓመቱ አባ ወርቁ ሲያርፉ፣ ሰው ከቀብር ሳይመለስ፣ «ይሞታሉ ብዬ ነበር» አሉ። በዚች እንኳ የተከራከራቸው የለም።

እየሩስ ከሰባት ዓመት የኩዌት ሥራ ስትመለስ ደጃፍ ላይ የተቀበላትም ይኸው ነው፤ «ትመለሳለች ብዬ ነበር።» እናቷ እትዬ ፈንታነሽ ከጓዳ ሆነው ሳቁ። «ከእንግዲህ አትመለስም፣ እርምሽን አውጪ» እያሉ ሁለት ፋሲካ ያስለቀሷቸው ራሳቸው አያ ይሻው ነበሩ።

የአያ ይሻው ኑሮ ከጨፌው ጋር ነው። ከእየሩስ ማሳ በላይ፣ ከምንጩ ራስ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ፊላ የበቀለበት ረግረግ አለ፤ ዳር ዳሩን ደግሞ ቄጠማና እንግጫ። ከፊላው የሚተኙበትን ጅባ ይሠራሉ። ገሳም ሰፍተው ዝናቡን ይመክቱበታል፤ በዚህ ዣንጥላ በሞላበት ዘመን ለብሰውት ደብረ ታቦር አንድ ቢሮ ቢገቡ፣ ዘበኛው የሚራመድ ጎጆ የመጣበት መስሎት ተነሥቶ ቆመ። የፊላውን ጥጥ ትራስ ይሞሉበታል። ለእየሩስ አንድ ሰጧት፤ በሦስተኛው ቀን ተተረተረና እናትና ልጅ ሳምንት ሙሉ ሲያነጥሱ ሰነበቱ። «ስፌቱ አይችልም ብዬ ነበር» አሉ፣ የሰፉት ሰውዬ።

እየሩስ የሰባት ዓመት ላቧን የፖም ችግኝ አድርጋ ከምንጩ ሥር ተክላዋለች። ምንጩ በበጋ የጣት ያህል ይወርዳል፤ ለዚያ ሁሉ ችግኝ አይደርስም። ቀና ብላ ስታይ ደግሞ ውሃው እላይ ጨፌው ውስጥ እግሩን ዘርግቶ ተኝቷል። «ሥራ ፈት ውሃ ነው፤ ቦይ ቆፍረን እናውርደው» አለች። ስብሰባ ተጠራ፣ ሁሉም ተስማማ። ያን ዕለት ነው አያ ይሻው ነገሩ ከመሆኑ በፊት እጃቸውን ያወጡት።

«ልጄ፣ ጨፌው እንስራ አይደለም፤ የራሰ ቡልኮ ነው። ፊላው ውሃውን ይዞ ነው ጠብ ጠብ የሚያደርግልን። ከጨመቅሽው አንድ ቀን ትጠጪና በቃ።»

ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ደሳለው ብዕሩን አስቀመጠ። «አያ ይሻው፣ አንቱ ነገር ካለፈ በኋላ ነው የሚያምርብዎ፤ ትንሽ ይታገሡ።»

ስብሰባው በሳቅ ተበተነ። እየሩስም ሳቀች፤ ትራሱ ትዝ ብሏት።

ቦዩ በኅዳር ተቆፈረ። ሁለት ሳምንት ውሃው እንደ ሠርገኛ እየዘፈነ ወረደ፤ እየሩስ በደስታ ሌላ ሁለት መደብ ችግኝ ጨመረች። በጥር ፊላው ቢጫ ሆነ፤ ሰጥማ እንዳትቀር ላም የማትለቀቅበት ጨፌ ላይ ከብት እየተንጎራደደ ገባ፤ መሬቱ እንደ ገበሬ ተረከዝ ተሰነጠቀ። ከዚያ ምንጩ ጠፋ። የፖሙ ቅጠል ይጠወልግ ጀመር።

እየሩስ «ብዬ ነበር»ን እንደ መርፌ ጠበቀችው። መልሱንም አዘጋጅታለች፤ ኩዌት አሠሪዋ ፊት የዋጠችውን ስድብ ሁሉ ለእርሳቸው አስቀምጣዋለች። አያ ይሻው መጡ፣ ደረቁን ምንጭ አዩ፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉ። ስልሳ ዓመት ሳይሉ «ብዬ ነበር» ሲሉ ኖረው፣ የምር ያሉት ሲደርስ ልምዱ የላቸውም። የሰው ዕቃ እጁ ላይ እንደተገኘበት ሰው ዓይናቸውን ሰበሩና «አካፋ አለሽ?» አሉ። ያን ሁሉ ስድብ ትታ አካፋ አመጣች።

ቦዩን በድንጋይና ከነሥሩ በተነሣ ሣር ደፈኑት። ለሞተው ፊላ ምትክ ደግሞ አያ ይሻው ሐሙሲት ወርደው አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የፊላ ሥር ከነጭቃው ሚኒባስ ላይ ጭነው መጡ። ረዳቱ ምንድን ነው ቢላቸው «ስኳር ድንች» አሉ፤ ስኳር ድንቹ ግን እስከ ወረታ ድረስ ተሳፋሪው ጫማ ላይ ሲንጠባጠብ ነበር።

እየሩስ ግማሹን ችግኝ ከወንዝ በአህያ ውሃ እያመላለሰች አተረፈች፤ ግማሹ ሞተ። አያ ይሻው ደግሞ አንድ ሥር በተከሉ ቁጥር ይምሉ ነበር። «መልፋታችን ነው እንጂ የተጨመቀ ጨፌ አይመለስም። እኔን ስሚኝ፣ አይመለስም።» እትዬ ፈንታነሽ ሰምተዋል። ድንጋይ የሚያቀብለው ደሳለውም ሰምቷል፤ እንደ ልማዱ ከነቀኑ ማስታወሻው ላይ ጽፎታል። እየሩስ ብቻ ስትሰማ ልቧ ይጸና ነበር፤ አስቀድመው የተናገሩት ከአንድ ጊዜ በቀር ሆኖ አያውቅማ።

ክረምቱ ገባ፣ ወጣ። የቀጣዩ ገና ዋዜማ መንደሩ ቤት የሚጎዘጎዝ ቄጠማ ሊያጭድ ጨፌው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ። ፊላው እንደ ጎረምሳ ቀጥኗል፣ ግን ቆሟል። ከታች ምንጩ የጣት ያህል፣ ያቺኑ የጥንቷን የጣት ያህል፣ ይወርዳል። እየሩስ ለምለም ለምለሙን መርጣ ለአያ ይሻው ቤት አንድ ነዶ ለብቻው አስቀመጠች።

እርሳቸው አካፋቸውን ተመርኩዘው ጨፌውን ከዳር እስከ ዳር ቃኙት።

«ይመለሳል ብዬ ነበር» አሉ።

እየሩስ ቀና አለች። እናቷን አየች፤ እናቷ ደሳለውን አዩ፤ ደሳለው እጁን ማስታወሻው ወዳለበት ኪስ ሰደደና፣ ማስታወሻውን እዚያው ትቶ፣ ባዶውን መልሶ አወጣው። ከዚያ ሦስቱም ጎንበስ ብለው ማጨዳቸውን ቀጠሉ።