ጋሽ ብሎን ጉድጓድ የወረዱ ቀን

እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የማይሆንለት አባት የሌለበት ከተማ የለም። ካለም ቧንቧው ያንጠባጥባል፣ በሩ ሲጢጥ ይላል፣ ሰዓቱም ወደ ኋላ ይቀራል።

ይቺ ትንሽ ከተማ የታደለቻቸው ሰው ክቡር ጋሽ ብሎን ነበሩ። የወጣላቸው ስምማ ነበራቸው፤ ግን ኪሳቸው ብሎን አጥቶ ስለማያውቅ ስማቸውን የሚያስታውሰው መታወቂያቸው ብቻ ነበር። በሙያቸው የከተማዋን የውሃ ፓምፕ ይጠግናሉ፤ በተረፋቸው ጊዜ ደግሞ የቀረውን ዓለም። ለቅሶ ሊደርሱ ሄደው የሟቹን ጠረጴዛ ገልብጠው ሲያጠብቁ ተገኝተዋል። «ላላ ብሏል!» ካሉ አለቀ፤ የሚያስቆማቸው የለም።

መምህርት ልጃቸው በዚህ ነገር ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሟገታቸው ኖራለች። «አባዬ፣ አንድ ቀን እንኳ አርፈህ ቁጭ በል!»

«እሱማ ስሞት።»

በስልሳ አራት ዓመታቸው ልባቸው ደከመ። ሐኪሙ ደረታቸውን ሲያዳምጥ፣ እሳቸው የአልጋውን እግር ያዳምጡ ነበር። «ከእንግዲህ ጉድጓድ የሚባል ነገር እንዳይወርዱ» አላቸው። «እኔን ተወኝና የአልጋህን እግር እይ» አሉት።

ሐኪሙ ይህን ባለ በወሩ፣ ሰኞ ዕለት፣ ፓምፑ ቆመ። ከሌላ ከተማ ይመጣል የተባለው ባለሙያ የውሃ ሽታ ሆነ። ረቡዕ ዳቦ ቤቱ ተዘጋ፤ ክሊኒኩ የወላዶች አንሶላ ማጠቢያ አጣ፤ ትምህርት ቤት ሕፃናቱ በጥማት ጠረጴዛ ላይ ተደፉ። ጋሽ ብሎን ልጃቸውን ከክፍል አስጠሯት።

«ገመዱን አንቺ ትይዣለሽ። ሌላ ሰው አላምንም።»

«ሐኪሙ ምን ነበር ያለህ?»

«ሐኪሙም ውሃ ይጠጣል።»

ጉድጓዱ አሥራ ስምንት ሜትር ነው። መጀመሪያ የበራ ፋኖስ በገመድ ሰደዱ፤ እሳቱ አልጠፋም፤ ታች አየር አለ ማለት ነው። ከዚያ ገመዱን ብብታቸው ሥር አስረው የብረቱን መሰላል ያዙ። ከላይ ልጃቸው፣ የፓምፑ ዘበኛና ዳቦ ጋጋሪው ገመዱን ጨበጡ።

«አንዴ ስጎትት ደህና ነኝ። ሁለቴ ስጎትት አውጡኝ። ሁለቴ ካልጎተትኩ ግን እንዳትነኩኝ፤ ከቧንቧው ጋር ታጋጩኛላችሁ።»

በየደቂቃው አንዴ ይጎትቱ ነበር። የመፍቻው ድምፅ ይሰማል፤ ቀጭ፣ ቀጭ። ከዚያ ድምፁ ቆመ። ገመዱም ዝም አለ።

«አባዬ!»

ጉድጓዱ የራሷን ድምፅ መለሰላት። ሁለት ደቂቃ አለፈ። ሦስት።

«እናውጣቸው» አለ ጋጋሪው።

«ሁለቴ ካልጎተትኩ ብለዋል እኮ!» አለ ዘበኛው።

ሁለቱም እሷን አዩ። ዕድሜ ልኳን አባቷን ስትሟገት የኖረች ልጅ፣ ያን ሰዓት ትእዛዙን መሻር ፈራች። ብትስበው ቢጋጭስ? ባትስበውስ? አራተኛው ደቂቃ ሲገባ «ሳቡ!» ብላ ጮኸች።

ጋሽ ብሎን ወጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ዓይናቸው ፈጧል። አሥሩም ጣቶቻቸው ገመዱ ላይ ተቆልፈው አንድ በአንድ ነበር የተላቀቁት። አፋቸው ሲፈታ የመጀመሪያ ቃላቸው ይህ ሆነ፦

«ማን አውጡኝ አላችሁ? አንድ ብሎን ቀርቶኝ ነበር!»

ልጅቱ አለቀሰች፤ ተቆጣች፤ መፍቻውን ከቀበቷቸው ነጥቃ ከኋላዋ ደበቀች። እሳቸው መሬት ላይ ቁጭ አሉና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ኋላም እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጪ።»

«አላመጣም!»

«ልጄ፣ ያቺ ብሎን ካልጠበቀች ነገ ሁሉም ይፈታል።»

ሰጠቻቸው። ለምን እንደሰጠች እስከ ዛሬ አታውቅም። ሁለተኛው ጉዞ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ፤ እያንዳንዷ ደቂቃ እሷ ላይ አንድ ዓመት ጨምራለች። ሲወጡ ፓምፑ አሳለ፣ አጉረመረመ፣ ውሃውንም ለቀቀው።

ቤት እንደገባች ማድ ቤት ሳህን በምታደርቀው እናቷ ላይ ፈነዳች። «ይሄ ሰውዬ ልቡ ድንጋይ ነው? ምንም ነገር አይፈራም?»

እናቷ ሳህኑን አስቀመጠች። «አባትሽ? ጉድጓድን የሚያህል የሚፈራው ነገር የለም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በሚወርድበት ቀን ጠዋት ያስመልሰዋል። ሳፋ የምይዝለት እኔ ነኝ። ዛሬም ታች ፍርሃቱ ሲይዘው ጣቶቹ አልላቀቅ ብለውት ነው። አሁን ነግሮኝ ነው የተኛው።»

«ታዲያ ለምን አይተወውም?»

«‹ሌላ ማን ይወርዳል?› ይለኛል። እኔም ማንን ልበለው?»

ጋሽ ብሎን ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ኖሩ፤ ሦስት ጊዜም ወረዱ። ያረፉት በገዛ አልጋቸው ነው። ዛሬ ሰዉ ስለሳቸው ሲያወራ «ፍርሃት የሚባል አያውቁም ነበር» ይላል። ልጃቸው አንገቷን ትነቀንቃለች እንጂ አታርምም።

ለመጨረሻ ጊዜ የወረዱ ዕለት ጠዋት እናቷን ጉልበቷ አላስነሳ ስላላት ሳፋውን የያዘችው እሷ ነበረች። አባቷ አፋቸውን ጠርገው፣ ወደ ግድግዳው ዞረው፣ «የትናንቱ ሾርባ አልተስማማኝም መሰለኝ» አሉ።

«እኔንም አልተስማማኝም፣ አባዬ» አለቻቸው።

እዚያ ቤት ትናንት ሾርባ አልተሠራም ነበር።