አንድ ጀርባ፣ ሁለት ሸክም

ላስታ ላይ ውኃ ያጥራል እንጂ ምክር አጥሮ አያውቅም። ላሊበላን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ አንድ ሰው ቢያስነጥስ መንደሩ በሙሉ መድኃኒት አዋቂ ነው። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውን ተረት የኛ ሰፈር ሰው ያወጣው ይመስለኛል። ምክሩና መከራው ተያይዘው አንድ ቤት ሲገቡ ምን እንደሚሆን ግን ተረቱ አይናገርም።

ጎረቤቴ ትርንጎ በደርግ ጊዜ ወንድ ልጅ ወለደች። ባሏ ልጁን ሳያይ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል። ልጁ ጡት ይይዝና ትንሽ እንደሳበ ላብ ያጠምቀዋል፤ ከንፈሩ ይጠቁርና ትንፋሽ አጥሮት ጡቷን ይለቃል። አዝላው ደሴ ሄደች። ሐኪሙ ልጁ ሲፈጠር ጀምሮ ልቡ ላይ ቀዳዳ እንዳለ፣ እዚህ አገር የሚደፍንለት እንደሌለ፣ ሰውነቱ ከጠና ግን ተስፋ ሊኖረው እንደሚችል ነገራት። የሚያጠናውም ጡቷ ነው። ቀና አድርጋ ትይዘዋለች፣ ጥቂት ታጠባዋለች፣ ታሳርፈዋለች፣ እንደገና ታጠባዋለች። ቀኑን ሙሉ ማለት ነው።

እንግዲህ ቀኑን ሙሉ የምታጠባ ሴት ውኃዋን ማን ይቅዳላት? ምንጩ ቁልቁለት ነው፣ መመለሻው ዳገት። እንስራ ጀርባ ይፈልጋል፤ ልጅም ጀርባ ይፈልጋል። ትርንጎ ያላት አንድ ጀርባ ነው።

ይህን ያሰበላት አልነበረም፤ መካሪ ግን ደጇን አጨናነቀው። አንዷ «ጡትሽን ፀሐይ መትቶታል» አለቻት። እማማ ዘርፌ፣ የሰፈሩ ትልቅ ሰው፣ «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ» ብለው ቆራጭ ይዘውባት መጡ፤ እምቢ ብትል ተቀየሟት። ሁሉም ምክሩን አራግፎ ይወጣል። ማሰሮዋ ባዶ መሆኑን ያወቀ ቢኖር ጠምቶት ውኃ የጠየቃት ብቻ ነው።

ኋላ የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር መጣች።

«እርከን ሥራው ላይ አልታየሽም፣ ትርንጎ።»

«ልጄ ሲጠባ ይደክመዋል፣ እቴ። እያሳረፍኩ ነው የማጠባው። ውኃ እንኳ የሚቀዳልኝ ሰው ብትልኩልኝ...»

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው የሚባለው። ማኅበሩ የተቋቋመው ለሰፊው ሕዝብ እንጂ ላንድ ቤት እንስራ አይደለም» ብላት ሄደች። አንበሳው የት እንደነበረ እስካሁን አልገባኝም።

ትርንጎ ልጇን አስተኝታ መውረድ ጀመረች። ይነቃል፣ ያለቅሳል፤ ለእንዲህ ያለ ልጅ ማልቀስም ዳገት ነው። ስትመለስ ለመጥባት አቅም አይተርፈውም። አንድ ጠዋት ከምንጭ ስትመለስ ለቅሶው አልተሰማም። እንስራውን ሳታወርድ ገባች።

የዚያን ዕለት መንደራችንን ብታዩት ኖሮ! ሐዘንተኛ ውኃ አይቀዳም፣ ወጋችን ነው። እንስራው በደጇ ተሰለፈ። እማማ ዘርፌ ቂማቸውን ትተው መጡ። ሊቀመንበሯም ያን ሁሉ ዳገት እንስራ አዝላ መጣች፤ ላቧን እየጠረገች፣ «አንቺ ተቀመጪ፣ ምንም አትንኪ» አለቻት።

ትርንጎ ተቀመጠች። ጡቷ ሞልቶ ቀሚሷን አርሶታል። እንስራዎቹን ተራ በተራ አየቻቸው።

«አትልፉ፣ እቴ» አለች። «አሁንማ ጀርባዬ ባዶ ነው፤ እኔው እቀዳለሁ።»

ያን ቀን ብቻ የሚመክራት አልተገኘም።