እግሩ ጋፋት የቀረ እንጉዳይ

እባብን አትፍሩ፤ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ የተመለሰን ሰው ፍሩ! እባብ ቢያንስ ነድፎ ዝም ይላል እንጂ ቁጭ ብሎ አያስረዳም...

እኔ የሠለጠንኩት በእንጉዳይ የአካል ክፍሎች ነው። አትሳቁ! ከላይ ቆቡ፣ ከቆቡ ሥር እንደ ቀሚስ ተሸንሽኖ ዘሩን የሚያራግፈው፣ አንገቱ ላይ ቀለበቱ፣ ከዚያ እግሩ... ደብረ ታቦር ውስጥ ይህን ከእኔ ያልሰማ የባጃጅ ሹፌር ካለ፣ ገና ሥራ ያልጀመረ ነው።

በፍልሰታ ጾም አማቴ ከገጠር መጡ። ልጃቸውን ለእኔ በመዳራቸው እስከ ዛሬ እንደሚቆጫቸው አውቃለሁ። እንግዲህ ሽሮ የሰለቸው አንጀታቸውን በእንጉዳይ ወጥ ላርስና አንዴ እንኳ “ጎሽ” ልባል ብዬ በጠዋት ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ጋፋት ሄድኩ። ከእግር መንገዱ ዳር ነጫጭ እንጉዳይ ፈልቷል! እንደ ሠለጠነ ሰው፣ አፈር እንዳይነካው ከወገቡ በቢላዋ እየቆረጥኩ አንድ ፌስታል ሞላሁ።

አማቴ ፌስታሉን ከፍተው አዩት።

“ይህ መርዛሙ የጅብ ጥላ አይደለም እንዴ?”

“ኧረ እማማ! ተምሬበታለሁ እኮ!” ብዬ ከቆቡ ጀምሬ አስረዳኋቸው። ገዳዩ ዓይነት ከእግሩ ሥር፣ አፈር ውስጥ፣ ነጭ ከረጢት እንዳለው ሳይቀር።

“ጎሽ ልጄ። የእነዚህስ እግር የት አለ?”

“...ጋፋት ነው።”

“እንግዲያው ሂድና አምጣዋ።”

ዝናቡ ደግሞ እኔን ሲጠብቅ የዋለ ይመስል ለቀቀው። ጭቃ ላይ ተንበርክኬ በጣቴ ስቆፍር አንድ ገበሬ ቆመ።

“ምን ጠፍቶህ ነው፣ ወንድሜ?”

“እግር!”

አማተበና እርምጃውን አፈጠነ።

ወዲያው ከአፈሩ ውስጥ ነጭ ከረጢት ብቅ አለ። ሚስቴን፣ ልጄንና አማቴን በአንድ ድስት ልጨርሳቸው ነበር! እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ቢጥዱትስ ብዬ በሩጫ ተመለስኩ።

“እማማ፣ መርዝ ነው! እንዳይነኩት!”

አማቴ ከሽሮው ጉርሻቸውን ጠቅለል አደረጉ።

“ገና ከበር እንደወጣህ ቆፍሬ ቀበርኩት እኮ።”

“ካወቁትማ በዚህ ዝናብ ለምን ላኩኝ?”

“ብነግርህ እንደ አዲስ ልታስረዳኝ አልነበር? እስቲ እህል በሰላም እንቅመስ ብዬ ነው።”