መደንበር በድሮ እንግሊዝኛ

ጀግና ማለት መርፌ ይዘው ወደ ድዱ ያልመጡበት ሰው ነው። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። አልፈራም የምትል አንባቢ ካለህ፣ እስቲ አፍህን ከፍተህ ጠብቅ...

ባለፈው ሳምንት የመንጋጋ ጥርሴ ጉንጬን አሳብጦ እንቅልፍ ነሳኝ። ልጄ ሶስና ከምንኖርባት ከኢገን ከተማ እስከ ጎረቤቷ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ በመኪናዋ ድራይቭ አድርጋ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሶስና ኮሌጅ ናት፤ የምታጠናው የድሮ እንግሊዝኛ ቃላትን ነው። እኔማ ነርስ ትሆናለች ብዬ ነበር... ተዉት።

የዚያ ሰሞን የቤት ሥራዋ ሰው ሲደነግጥ የሚያደርገውን ስለሚገልጹ ቃላት ነበርና መንገዱን ሙሉ ስታስረዳኝ ሄደች። ፍሊንች ጥንት ገለል ማለት ነበር አለችኝ። ብሌንች መጀመሪያ ማታለል ነበር፤ ወደ ማፈግፈግ የዞረው በኋላ ነው። ቦግል ደግሞ ፈረስ ጣረ ሞት ያየ ይመስል ሲበረግግ ነው። እኔም ጉንጬ ላይ በረዶ እንደያዝኩ፣ የእኛ ዘር ደረቱን ሰጥቶ የሚቆም መሆኑን ነገርኳት።

ሐኪሟ ትሁት ፈረንጅ ናት። ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግሃል አለችኝ። መርፌውን ሳየው ግን የጆንያ መስፊያ ወስፌ ነው! ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ ለጥርስ ሐኪም ግን አይሆንም። እግሬ እኔን ሳያማክር ተነሥቶ የመሣሪያውን ትሪ ገለበጠው። ሐኪሟ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ስል፣ የሶስና ፊት በደስታ በራ። ዊንስ የሚሉት ቃል ዛሬ ፊትን ማጨማደድ ቢሆንም ጥንት የፈረስ እርግጫ እንደነበር፣ አባቷም ቃሉን በጥንቱ ትርጉም እንደፈጸመው ለሐኪሟ አስረዳቻት። ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። ቁስሉ መግል ስለያዘ ቀን እንደማይሰጥ፣ አርፌ ካልተኛሁ ሆስፒታል ገብቼ እንቅልፍ በሚያስወስድ ማደንዘዣ ጥርሴ እንደሚነቀል ነገረችን።

ሶስና ወደ እኔ ዞረች። «አባዬ፣ ይሄ በአማርኛ ምን ይባላል?»

«መደንበር» አልኳት። «በቅሎ ጥላዋን አይታ ስትፈናጠር ደነበረች እንላለን።»

ሁለቱ ጥግ ይዘው ተንሾካሾኩ። ከዚያ ሐኪሟ አዲስ መርፌ ይዛ መጣችና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

«አትደንብር» አለችኝ በአማርኛ።

እንደ በቅሎ! አንቱታ የለ፣ ምን የለ። ሳቄ መጣ፤ አፌ እስከ ጉሮሮዬ ተከፈተ። ሳቄን ስጨርስ መርፌው ገብቶ ወጥቷል። ጥርሱም ብዙ ሳይቆይ ተከተለው።

ስንወጣ ሐኪሟ ያ ቃል የማጽናኛ ቃል እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ለሌሎች ሐበሻ ታካሚዎቿም ልትጠቀምበት አስባለች። ግማሽ አፌ ደንዝዞ እንዴት ላብራራላት? ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

እንግዲህ ከክሪስታል ከተማም ሆነ ከኢገን ጥርሳችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ሁሉ፣ አንዲት ፈረንጅ ጆሯችሁ ሥር እንደ በቅሎ ብትገስጻችሁ ለደግ ነው። አደራ፣ አትርገጧት።