የአቶ ሰናይ ዘመቻ ወደ ኅዳር ፲፱

በ፳፻፲፰ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ የቆቦው ባለ ኮምፒውተር ጌታችን አቶ ሰናይ ማሽናቸውን ተክለው ለሰው መጻፍ በጀመሩ በ፮ኛው፣ ፎቶ ኮፒው ጥቁር መስመር መጣል በጀመረ በ፫ኛው፣ የበራቸው መስተዋት ተሰንጥቆ በፕላስተር በተያዘ በ፪ኛው ዓመት፣ ወርኃ ታኅሣሥ በባተ በ፱ኛው ቀን፣ በዕለተ ሐሙስ የሆነው ይህ ነው። ዜናሁ ለሰናይ፣ እግዚአ ፕሪንተር ወፎቶ ኮፒ፣ መዋዔ ቫይረስ፣ ፈታሔ ፓስወርድ። ጸሐፊውም ግድግዳ የምጋራቸው ጎረቤታቸው ቆሎ ሻጩ ነኝ፤ ያየሁትን እንጂ የሰማሁትን አልጻፍኩም፤ ብጽፍም ጥቂት ነው።

አስቀድሞ ግን የነገሩ ሁሉ ሥር የሆነው አዋጅ ይነገር። በኅዳር መጨረሻ እኚህ ጌታ ለአንድ ሽማግሌ ማመልከቻ ጽፈው ቢሰጡ፣ ማሽኑ ማንም ሳይጠይቀው በግርጌው ፳፻፳፭ ብሎ ቀን ቢያትም፣ የመሥሪያ ቤቱም ሰው «ከሰባት ዓመት በኋላ ይምጡ» ብሎ ቢመልሳቸው፣ ሽማግሌው ወረቀቱን እያውለበለቡ በባጃጆች መካከል አቋርጠው መጥተው በደንበኛ ፊት ጠረጴዛው ላይ ቢጥሉት፣ ጌታችን እጅግ አፍረው፣ ካፈሩም በኋላ እጅግ ተቆጥተው፣ ታኅሣሥ ፩ ቀን በደጃፋቸው ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ከዛሬ ጀምሮ በቤቴ ውስጥ የፈረንጅ ዓመት የሚቆጥር ማሽን አይኖርም። የራያን አቧራ እየበላ በሰው አገር ቀን አይውልብኝም። የሰማህ ላልሰማህ ንገር።»

ይህንንም ብለው ገብተው የማሽኑን ቀን ወደ ታኅሣሥ ፩ ቀን ፳፻፲፰ አዞሩት። ማሽኑ ዝም አለ፤ ዝምታውንም እንደ መገዛት ቆጠሩት።

ወእምዝ፣ አዋጁ በወጣ በሰባተኛው ቀን፣ በቆላው በአንድ የጉድጓድ ውኃ የሚያጠጡት የሃያ ሦስቱ ገበሬዎች ጸሐፊ አቶ ታሂር፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ዘውኃ፣ የውኃ ተራውን ዝርዝር ይዞ መጣ። ይህ ዝርዝር በዋዛ የተገኘ አይደለም፤ ሦስት ቀን ሙሉ ተጨቃጭቀው፣ ሁለት ጊዜ ተኳርፈው፣ አንድ ጊዜ በሽማግሌ ታርቀው ያወጡት ዕጣ ነው። የመጀመሪያው ዕጣ ለወይዘሮ በላይነሽ፣ የመጨረሻው ለአቶ ወልደ ሚካኤል ወጥቷል፤ በመካከል ያለውን ግን ማንም በቃሉ አልያዘውም። የፓምፑ ጠባቂ ጎይቶም ደግሞ በማሽን ተጽፎ ማኅተም ያረፈበት ዝርዝር በእጁ ካልገባ እናቱ ብትለምነው እንኳ ውኃ የማይከፍት ሰው ነው።

ጌታችንም ማክሰኞ ዕለት ዝርዝሩን በማሽኑ ላይ በሁለት እጃቸው ጻፉት፤ ቀለም ከወልድያ እስኪመጣ ማተሙ ለሐሙስ ተቀጠረ፤ አቶ ታሂር ያመጣውን በእጅ የተጻፈውንም ወረቀት እንደ ልማዳቸው ከሌላው ጥራጊ ጋር ለእኔ ሰጡኝ። እኔም እንደ ልማዴ ለሁለት ቀድጄ ጠቅልዬ ቆሎ ሞላሁበት። ከ፩ እስከ ፲፩ ያሉት ስሞች በሚኒባስ ወደ ጎብዬ ወረዱ፤ የቀሩት ወደ ዋጃ ወጡ፤ በላተኞቹም ማን መቼ ውኃ እንደሚያጠጣ ሳያውቁ ቆሎውን ጨርሰው ወረቀቱን በመስኮት ጣሉ።

ረቡዕ ማለዳ ወይዘሮ በላይነሽ ተራዋ ዓርብ ጧት መሆኑን ተማምና የሽንኩርት ችግኟን ነቀለች፣ በእርጥብ ጆንያም ሸፈነችው። በዚያው ዕለት በዘጠኝ ሰዓት መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ። ማሽኑ ሲነሣ ግን የአማርኛ መጻፊያው ጠፍቶ፣ ሃያ ሦስቱ ገበሬዎች ሃያ ሦስት መስመር ባዶ ሣጥን ሆነው ተገኙ። ወደ ሌላ ማሽን እንዳይወስዱት ፍላሽ ቢሰኩበት አላውቅህም አለ።

በነጋታው ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ወሬው ደርሷቸው፣ እነዚህ ተሰበሰቡ፦ አቶ ታሂር ማኅተሙን በደረት ኪሱ ይዞ፤ ወይዘሮ በላይነሽ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ፤ አቶ ወልደ ሚካኤል ለማጽናናት፤ ከዕጣው ግርጌ አካባቢ ያሉ አራት ገበሬዎች እርሱን ለማጽናናት፤ አንድ ስታቢላይዘር የሚያቃስት፤ ሦስት ወንበር፣ አንዱ እግሩ በሽቦ የታሰረ፤ እኔም ቆሎዬን ለማላውቀው ሰው አደራ ሰጥቼ። ጎይቶምም ከፓምፑ ዘንድ «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ወረቀት ካላየሁ ነገ ማንም እንዳይመጣ» የሚል ቃል ልኮ ነበር። ችግኝ ከተነቀለ ሁለት ሌሊት አድሮ ውኃ ካላገኘ የፍየል ቀለብ ነው፤ ይህንንም ወይዘሮ በላይነሽ ለማንም አልተናገረችም፣ ሁሉም ያውቀዋልና።

ያን ጊዜ ጌታችን እጅጌያቸውን ሰብስበው ተነሡና አወጁ፦ «ማሽን ጤነኛ የነበረበትን ቀን በሆዱ ያስቀምጣል። ሪስቶር ይባላል። ወደዚያ ቀን እመልሰዋለሁ፤ መጻፊያውም ይመለሳል። እናንተ ብቻ ትንፋሻችሁን ከአንገቴ ላይ አንሡልኝ።»

ማሽኑም ካስቀመጣቸው ቀኖች አንዱን አሳያቸው፤ ኖቬምበር ፳፰ ይላል። በጣታቸው ቆጥረው ኅዳር ፲፱ መሆኑን ደረሱበት፤ ዓመቱንስ ማን የማያውቀው አለ ብለው አለፉት። ዘመቱ። ሩብ ሰዓት ከተጓዙ በኋላ ማሽኑ «መመለስ አልተሳካም፣ ምንም አልተለወጠም» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛ ዘመቱ፣ አንቲቫይረሱን ከበር ላይ አስነሥተው አስተኝተው፤ አልተሳካም። ሦስተኛ ዘመቱ፣ ሆዱን ከፍተው አቧራውን በጥርስ ብሩሽ ጠርገው፣ ሴፍ ሞድ በሚባለው በጠባቡ በር ገብተው፤ አልተሳካም። ሰዓቱም ዘጠኝ ሆነ።

አቶ ወልደ ሚካኤልም ጊዜው መድረሱን አይቶ ወደ መካከል ወጣና እንዲህ አወጀ፦ «ወገኖቼ፣ ሰናይን አናስጨንቀው። ማሽን ነው፣ ያረጃል። ዕጣውን እንደ ገና ብናወጣ ማን ይጎዳል? ለራሴ እንዳይመስላችሁ፤ ሃያ ሦስተኛም ብሆን ደስተኛ ነኝ፤ ለፍትሕ ያህል ነው።» አራቱም ለፍትሕ ያህል ራሳቸውን ነቀነቁ።

ወይዘሮ በላይነሽም ከተቀመጠችበት ሳትነሣ መለሰች፦ «ወልደ ሚካኤል፣ ሰው ሳይሞት ለልቅሶ አትምጣ። የኔ ችግኝ ጆንያ ውስጥ ነው፤ ስብሰባ ብትጠራው አይሰማህም።»

ከዚያም ወንበሯን ወደ ማሽኑ ሳበች። እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማረች ናት፤ ቁጥር ታነባለች። ጌታችን ለአራተኛ ዘመቻ ሲሰናዱ እርሷ ስክሪኑን አንዴ ከላይ አንዴ ከታች ስታይ ቆየችና ይህን ቃል ተናገረች፦ «አያ ሰናይ፣ እኔ ስለ ማሽን አላውቅም። ግን ተመለስ የሚሉት ቀን ሁለት ሺህ ሃያ አምስት ይላል። እታች ጥጉ ላይ ያለው ደግሞ ዛሬ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ነው ይላል። ገና ያልመጣ ቀን ላይ በየት በኩል ነው የሚመለሰው?»

እውነቷን ነበር። ማሽኑ ያንን ቀን ያስቀመጠው ከአዋጁ በፊት፣ በፈረንጅ ዘመን ሳለ ነውና። ጌታችን ጥጉን አዩ፣ ዝርዝሩን አዩ፣ እኔን አዩ፤ እኔ ጣራውን አየሁ። ላባቸውን ጠረጉና በዝግታ አወጁ፦ «የታኅሣሥ አንዱ አዋጅ እንደ ጸና ነው። ነገር ግን ማሽኑ ለሥራ ጉዳይ፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ፣ ወደ ፈረንጅ ዓመት ደርሶ እንዲመጣ ፈቅደናል። የሚስቅ ሰው ካለ ፎቶ ኮፒውን ሌላ ቤት ይፈልግ።» ቀኑንም ወደ ፈረንጁ አዞሩ።

እጃቸው ማውሱን ሊጫን ሲል አቶ ታሂር ጮኸ፦ «ቆይ፣ በአላህ። ዝርዝሩ የተጻፈው ታኅሣሥ ሰባት ነው። ማሽኑ ኅዳር አሥራ ዘጠኝ ላይ ከገባ ዝርዝሩ ገና አልተጻፈማ። ወላሂ ያንን ስብሰባ እኔ ሁለተኛ አልመራም።» ጌታችን በስክሪኑ ላይ ያለውን ደቃቅ እንግሊዝኛ ሦስት ጊዜ አነበቡ፤ የተጻፈ ነገር አይነካም የሚል መሰላቸው፤ መሰላቸው እንጂ አልማሉበትም። እጃቸውም በአየር ላይ ቀረ።

ያን ጊዜ ወይዘሮ በላይነሽ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚጠፋባት እርሷ ሆና ሳለ፣ ፈረደች፦ «ይጫኑት። አሁንስ ምን አለኝ? ሣጥን ነው ያለኝ።»

ተጫኑት። አረንጓዴው መስመር እንደ ኤሊ ሄደ። በመካከሉ አምፖሉ ሁለት ጊዜ ብልጭ ድርግም አለ፣ ስታቢላይዘሩ አቃሰተ፣ አቶ ታሂር ዱዓ አደረገ፣ አቶ ወልደ ሚካኤልም ምን እንደ ለመነ እግዜር ያውቃል። ማሽኑ ጠፋ፣ በራ፣ «ተመልሷል» ብሎ ጻፈ። ፋይሉ ሲከፈት ሣጥኖቹ አንድ በአንድ ፊደል ሆኑ፤ ከላይ በላይነሽ፣ ከታች ወልደ ሚካኤል። ታተመ፣ ማኅተም ተመታበት፤ ወይዘሮ በላይነሽ ወረቀቱን በጉያዋ ይዛ በባጃጅ ገሠገሠች፣ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆንም በጎይቶም እጅ አኖረችው። እርሱም ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ ማኅተሙን በምራቁ ነክቶ ፈትኖ፣ ዓርብ ጧት በአንድ ሰዓት ውኃውን ከፈተ።

ጌታችን ሱሪያቸውን ጠቅልለው ከማሳው ዳር ቆመው ውኃው በቦዩ ሲወርድ ተመለከቱ፤ እኔንም ጠርተው የቀኑን ነገር ያገኙት እርሳቸው ናቸው ተብሎ እንዲጻፍ አዘዙኝ። እኔም የነገሩ ባለቤት ሳትፈቅድ አልጽፍም ብዬ ወይዘሮ በላይነሽን ጠየቅኋት። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ገብታ፣ ችግኝ እየተከለች፣ ቀና ሳትል ፈቃዷን አወጀች፦ «ጻፍላቸው። እርሳቸው ቀኑን ይውሰዱ፤ እኔ ውኃዬን ወስጃለሁ።»

ስለዚህ ተጽፏል፦ ቀኑን ያገኙት እርሳቸው ናቸው። ዕበዩ ለሰናይ፣ እግዚአ ፕሪንተር ወፎቶ ኮፒ። ከነገሥታት መካከል ሰባት ዓመት በግማሽ ሰዓት ዘምቶ የተመለሰ ማን አለ? ሃያ ሦስት ሰው ይዞ ወርዶ አንድም ሳይሞትበት፣ አንድም ሳይከዳው፣ ሃያ ሦስተኛው እንኳ እየለመነ ከተራው ሳይነቃነቅ ይዟቸው የወጣ ከእርሳቸው በቀር ማን ተሰማ?