የአርባ ሰባተኛው ጽሑፍ ማሻሻያ ሰነድ

የዚህ መሥሪያ ቤት ስም ባይጠቀስም ሥራው ይመሰክርለታል። ከሾላ ገበያ ጀርባ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ ተቀምጦ ሕዝብን በቅልጥፍና ያገለግላል። የቅልጥፍናውን ልክ ማወቅ የሚሻ ሰው በብሎጉ ላይ የወጣውን የአርባ ሰባተኛውን ጽሑፍ ታሪክ ቢሰማ ይበቃዋል።

ጽሑፉ አጭር ማስታወቂያ ነበር። «የገበያ ነጋዴዎች ምዝገባ አርብ ይጠናቀቃል። ያልተመዘገበ መደቡን ይለቃል። የምዝገባ ቦታ፦ እንጦጦ።» አንድ እንከን ብቻ ነበረበት፤ የእንጦጦው ጽሕፈት ቤት ከተዘጋ ሦስት ወር አልፎታል። ምዝገባው ወደ ሾላው ሕንፃ ምድር ቤት ወርዷል። የሾላ ነጋዴ ግን መደቡን ሸፍኖ፣ ታክሲ ተጋፍቶ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ከኪዳነ ምሕረት በታች ባሕር ዛፍ መሐል ያለውን የተቆለፈ በር አንኳኩቶ ይመለሳል። መሥሪያ ቤቱ ይህንን በሪፖርቱ «የኅብረተሰቡ ተሳትፎ ከፍ ብሏል» ሲል አስፍሮታል።

የመሥሪያ ቤቱ ብቸኛ ፕሮግራመር ያሲር፣ የብሎግ ጽሑፎችን የሚያሻሽል ኤፒአይ የተባለ የኮምፒውተር መሣሪያ ሠርቷል። የጽሑፉን ቁጥርና አዲሱን ቃል ሲሰጡት አሮጌውን አንስቶ አዲሱን ይተካል። የሚፈጅበት አራት ሰከንድ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ይህንኑ ለኃላፊው ለአቶ ወንድይራድ ነገራቸው።

«አራት ሰከንድ?» አሉ ቅር ብሏቸው። «ለመሆኑ ሰነድ አለው?»

«ገና ነው ጋሼ። ግን እኮ የምንቀይረው አንድ ቃል ነው፤ እንጦጦን በሾላ።»

«ልጄ፣ ሰነድ የሌለው መሣሪያ ፍሬን እንደሌለው መኪና ነው። መጀመሪያ ይጻፍ፣ ኮሚቴ ይየው። ከዚያ በሰነዱ መሠረት፣ አንድ ፊደል ሳይዛነፍ ይሠራበት።»

ያሲር ሰነድ እንደሚያስፈልግ አመነ። ለሌላው ሐሳብ ሚዛናዊ መሆን ይወዳል፤ ይህ ጠባዩ ብዙ ጊዜ ጎድቶታል። እስከ ምሳ ሰዓት አንድ ገጽ ጻፈ፤ ለምሳሌም ሊሠራው ያሰበውን ራሱን አስገባ፦ «የጽሑፍ ቁጥር፦ 47። የምዝገባ ቦታ፦ ሾላ።»

ወደ ምድር ቤት ሲወርድ ወይዘሮ ኩልሱምን አገኛቸው። ሾላ በርበሬና ቅመም ሲሸጡ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው።

«ወላሂ እንጦጦን ሁለቴ ወጣሁልህ» አሉት ጉልበታቸውን ይዘው።

«እትዬ ኩልሱም፣ ምዝገባው እዚሁ ነው። ይኸው መስኮቱ።»

መስኮቱ ውስጥ መዝጋቢዋ ፈትለወርቅ መዝገቧን ከፍታ፣ ማኅተሟን አዘጋጅታ፣ ብቻዋን ተቀምጣለች።

«ፈትልዬ፣ መዝግቢያቸው።»

ስልኳን አውጥታ ብሎጉን አየች። «እንጦጦ ነው የሚለው።»

«እንጦጦ ማን አለ?»

«ማንም። መዝጋቢዋ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ጽሑፉ እንጦጦ እያለ እዚህ ብመዘግብ ኦዲተር ሲመጣ ምን ልበል?»

ወይዘሮ ኩልሱም ወደ ያሲር ዞሩ። «አርብ መደቤን ለሌላ ይሰጡብኛል። ይቺን ጽሑፍ የሚቀይር ሰው የለም?»

«አለ» አለ ያሲር። «ሰነድ እየጻፈ ነው።»

ረቡዕ ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተሰየመ። አንድ ገጽ የመሥሪያ ቤቱን ክብር እንደማይመጥን በጋራ መግባባት ላይ ተደርሶ መቅድም፣ የምስጋና ገጽ፣ ከብራና እስከ ብሎግ ያለው የጽሑፍ ታሪክ፣ እንዲሁም ለሽፋን የእንጦጦ ፓርክ ፎቶግራፍ ተጨመረ። ሐሙስ ከሰዓት ሰነዱ ዘጠና ሦስት ገጽ ሲደርስ አቶ ወንድይራድ ምሳሌው ላይ ቆሙ።

«ሾላ የሚለው ምንድን ነው?»

«ምሳሌ ነው። እውነቱም እሱ ነው።»

«ሾላን ነጥለን ብንጠቅስ የሌላው ገበያ ነጋዴ ምን ይለናል? ምሳሌ ሁሉን አቀፍ መሆን አለበት።»

ከሁለት ሰዓት ውይይት በኋላ ምሳሌው ታርሞ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፦ «የምዝገባ ቦታ፦ የቦታው ስም።»

«እኔ ስጠቀምበት ግን እዚያ ላይ ሾላ ብዬ እሞላለሁ፣ አይደል?» አለ ያሲር።

«አንድ ፊደል ሳይዛነፍ ብለናል።»

አርብ ጠዋት አቶ ወንድይራድ ሰነዱን ታቅፈው ከያሲር ጀርባ ቆሙ፤ ጣታቸው መስመሩን ተከተለ። ያሲር ቢያንስ እንጦጦ አይልም ብሎ ተጽናና፤ የጸደቀውን እንዳለ ጻፈው። አራት ሰከንድ። ኮሚቴው አጨበጨበ።

ያሲር ወዲያው ወደ ምድር ቤት ሮጠ። ወይዘሮ ኩልሱም መስኮቱ ላይ ነበሩ።

«የምዝገባ ቦታ፦ የቦታው ስም» ስትል ፈትለወርቅ ከስልኳ አነበበች። «ይሄ ደግሞ የት ነው?»

ወይዘሮ ኩልሱም ዙሪያቸውን አዩ። «እዚህ ቦታ አይደለም?»

«ነው።»

«ስም አለው?»

«አለው።»

«ታዲያ ጻፊኛ።»

ፈትለወርቅ አሰበች። ከጽሑፉ ጋር የሚጋጭ ነገር አጣችበት። መዘገበቻቸው፤ ወረቀታቸው ላይም «የተመዘገቡበት ቦታ፦ የቦታው ስም» ብላ ጽፋ ማኅተሙን መታችበት። ወሬው ገበያው ውስጥ ገባ፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሦስት መቶ ነጋዴ ተሰልፎ ተመዘገበ።

መሥሪያ ቤቱ ድሉ የሰነዱ መሆኑን አበሠረ። በተከታዩ ሳምንት ሠራተኛው ተሰብስቦ ለያሲር የምስጋና ወረቀት ተሰጠው። ወረቀቱም ከጸደቀው ናሙና አንድ ፊደል ሳይዛነፍ የተዘጋጀ ነበር።

ያሲር ይዞት ሾላ ወረደ። ወይዘሮ ኩልሱም የምዝገባ ወረቀታቸውን ከበርበሬው ጆንያ በላይ ሰቅለውታል። የእሱን ተቀብለው ጮክ ብለው አነበቡ።

«ለአቶ የሠራተኛው ስም፦ ስላከናወኑት የሥራው ዓይነት ከልብ እናመሰግናለን።»

ሚስማር ፈለጉ። ከዚያ ከራሳቸው ወረቀት ጎን ሰቀሉለት።

«አይዞህ» አሉት። «ማኅተሙ የእውነት ነው።»